ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ

ሥራዬ ሰው መጥራት ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የሕዝብ ፕሮግራሞችና ሁነቶች ባለሙያ» ይላል፤ በተግባር ሲታይ ግን ሰው የሚጠራ፣ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ወንበር የሚያነሳ ማለት ነው። በወንበር ማንሳቱ በኩል በእርግጥም ባለሙያ ሆኛለሁ። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ስምንት የፕላስቲክ ወንበር በአንድ ጊዜ እሸከማለሁ። ይህን ችሎታዬን ባለቤቴ እንኳ አታውቅም፤ ብታውቅ ቤት ውስጥ ሥራ ይበዛብኛል።

ሙዚየማችን ከቦሌ ሚካኤል ብዙም ሳይርቅ፣ በብረታ ብረት ወርክሾፕና በውበት ሳሎን መካከል የተሰነቀረ አሮጌ ቪላ ነው። ውስጡ ዘውድ የለም፣ ጋሻና ጦር የለም። ያለው የሰፈር ታሪክ ነው። የቀበሌ ማህተም፣ የወፍጮ ቤት ሚዛን፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያት የነበረች ቴሌቪዥን ከነዳንቴሏ፣ ከፈረሱ ቤቶች በር ላይ የተነቀሉ የቤት ቁጥሮች። ጎብኚ ገብቶ ዞር ዞር ይልና «ይሄማ እናቴም ቤት አለ» ብሎ ይወጣል። እውነቱን ነው፤ አንዳንዱን ዕቃ ያመጣሁት ከእናቴ ቤት ነው።

ፕሮግራም ግን እናዘጋጃለን። «የድሮ ፎቶ ቀን» ብለን ጠራንና ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ሽንት ቤት ፈልጎ ነው፤ አንዷ መታወቂያ የሚታደስበት መስሏት ነው፤ ሦስተኛው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቆጣሪ አንባቢውን ለምነን አስቀርተን ፎቶ አስነሳነው፤ ሪፖርቱ ላይ «ከባለድርሻ አካላት የተውጣጡ ተሳታፊዎች» ተብሎ ገብቷል። ከዚያ ስለ ሰፈር ስሞች አመጣጥ የሚያስረዱ አንድ ምሁር ጋበዝን። ምሁሩ ለእኔ፣ ለዘበኛችን ለጋሽ ቶላና ለራሳቸው ሹፌር አንድ ሰዓት ከሩብ አስተማሩ። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ሲባል ሹፌሩ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ። ጥያቄው «ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» የሚል ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሙዚየማችን የመጡት እንግዲህ እኔ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው።

ረዥም፣ ቀጭን፣ በዕድሜ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት፤ ጡሩምባ ነው። ጋሽ ደምሴ የሸንበቆ ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ባረፈ ቁጥር ማለዳ ተነስተው በየመንደሩ እየዞሩ የሚነፉ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚለፍፉ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ሸንበቆ ሰፈር ለልማት ተነሳ። ሰዉ አንዱ አያት፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ ተበተነ፤ ጋሽ ደምሴ ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። እድሩም በዚያው ቀረ።

«ውሰደው» አሉኝ ጡሩምባውን እየገፉልኝ። «ኮንዶሚኒየም ላይ አይነፋም። አንድ ቀን እንዳይዝግ ብዬ በረንዳዬ ላይ ብነፋው ኮሚቴ ተሰበሰበብኝ።»

የመረከቢያ ቅጹን እየሞላሁ ሳለ ለሙዚየሙ ሌላ የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። ጡሩምባውን አንዴ በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት።

«በምትኩ አንድ ነገር አድርግልኝ» አሉ በመጨረሻ። «የሸንበቆን ሰው አንድ ጊዜ ሰብስብልኝ፤ በዓይኔ ልየው። ያለሁበት ሕንጻ ላይ ስወጣ ስገባ ሰላም የሚለኝ የለም። ክፉ ሆነው አይደለም፣ አያውቁኝም። ሸንበቆ ውስጥ ሞቶ ሳልነፋለት የቀረ ሰው የለም፤ የኔን ቀን ግን ማን እንደሚሰማው እንጃ። ሰው እንዳለኝ ልወቅና፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንጀቴን በሉት። ሚስት የላቸውም፣ አርፈዋል። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው አንድ የእህት ልጅ ነው፤ እሱም ሐዋሳ ነው። ሌላ ቢሆን «እንሞክራለን ጋሼ» ይል ነበር። እኔ ግን፣ ጠርቼ ቆጣሪ አንባቢ የመጣልኝ ሰውዬ፣ ደረቴን ነፍቼ «ይመጣል ጋሼ! ሰዉን ለእኔ ይተዉት!» አልኳቸው።

«ሰው ይመጣል?» አሉኝ ደግመው፣ በር ላይ ቆመው።

«ይመጣል አልኩዎት እኮ!»

ዳይሬክተራችን ሜሮን ሐሳቡን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። «ይሄ በጣም ፓወርፉል ነው! ኮሚዩኒቲ ኢንጌጅመንት ማለት ይሄ ነው!» አለች። ሜሮን ጥሩ ልጅ ናት፤ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ሰው መምጣቱንና የመጣው ሰው ፎቶ መነሳቱን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ «ከጋሽ ደምሴ ጋር ስለ ሸንበቆ» የሚል ፕሮግራም ያዝን። የሸንበቆ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ግብዣውን እዚያ ላይ ለጠፍኩ። ሁለት ሰው አውራ ጣት አሳየኝ። ሦስተኛው ከሥሩ ያገለገለ ፍሪጅ ማስታወቂያ ለጠፈ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሚያዝያ ነበር። የበልጉ ዝናብ ከሰዓት ከሰዓት ያወርደዋል፤ የእኛ ሳሎን ደግሞ ከሃያ ሰው በላይ አይዝም። ግቢው ውስጥ ድንኳን ያስፈልጋል። የዲኮር ድንኳን ያላቸው ሁሉ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም ሠርግ ላይ ናቸው። የቀረው የእድር ድንኳን ነው። እዚያው አጠገባችን ካለ እድር ሄጄ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ብርጭቆዎቹን ተዋስኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አዛውንት «የማን ነው?» አሉኝ። «የጋሽ ደምሴ» አልኩ። አንገታቸውን ነቅንቀው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና በሥራችሁ ያበርታችሁ ማለታቸው መስሎኝ «አሜን፣ እናመሰግናለን» ብዬ አግዳሚውን ተሸከምኩ።

የጋሽ ደምሴን ፎቶም ትልቅ አድርጌ ላሳትም ኢምፔሪያል ጋ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዲዛይነሯ «ጥቁርና ነጭ ላርግልህ? ክላሲ ይሆናል» አለችኝ። ይሁን አልኩ። «ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ፍሬም?» ይሁን። እኔ ክላሲ የሚባል ነገር አልቃወምም። ፎቶውን በሩ ላይ በማቆሚያ አቆምኩት፤ ከግራና ከቀኝ ቢጫ አበባ አደረግኩለት። ሜሮን ድባብ ያስፈልጋል ብላ ሁለት ሻማ በብርጭቆ አበራች።

ጋሽ ቶላ ዱላቸውን ተደግፈው ሁሉንም ካዩ በኋላ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ደግ አልመሰለኝም።»

«ምኑ ጋሽ ቶላ?»

«ሰውየው በሕይወት አሉ አይደል?»

«አሉ እንጂ! ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

«እንግዲህ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» ብለው ወደ ጎጇቸው ገቡ።

ዘበኛ እንዲህ ሲላችሁ ሥራችሁን አቁማችሁ አስቡ። እኔ አላሰብኩም፤ የማይክሮፎን ገመድ እየፈታሁ ነበር። በዚህ መሃል አንድ የሸንበቆ ሰው በታክሲ ሲያልፍ በመስኮቱ ድንኳኑን ያያል፣ ፎቶውን ያያል፣ ሻማውን ያያል። ስልኩን አውጥቶ ያነሳና ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል። ከሥሩ «ጋሽ ደምሴም ሄዱ» ብሎ ጻፈ። የእኔ ግብዣ በዚያን ጊዜ ከፍሪጁ ማስታወቂያ በላይ ተቀብሮ ማንም አያስታውሰውም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያዋ እንግዳ ደረሱ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ፤ ሸንበቆ ሳሉ የጋሽ ደምሴ የጓሮ ጎረቤት ነበሩ። ከታክሲው ሳይወርዱ ድምፃቸው ወረደ። «ወይኔ ደምሴ! ወይኔ የሰው ጠሪ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? የቅርስ ፍቅር እንዲህ ነው አልኩ። አንድ ሰው ከልቡ ተነክቶ ወደ ሙዚየም ሲገባ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «እንኳን ደህና መጡ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብዬ የተሳታፊዎች ዝርዝር ዘረጋሁላቸው። እያለቀሱ ፈረሙ። የአስተያየት መስጫም ሰጠኋቸው፤ «ፕሮግራሙን እንዴት አገኙት?» የሚለው ላይ እንባቸው ጠብ አለበት።

ከዚያ በኋላማ ሰው ጎረፈ። ከአያት፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ሠላሳ ሆኑ፣ ሃምሳ ሆኑ፤ አግዳሚው ሞልቶ ወንዶቹ አጥሩ ሥር ቆሙ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ በመካከላቸው እየተሽሎከለኩ እቆጥራለሁ። መቶ ስደርስ ላቤ ወረደ። ሜሮን ከሳሎኑ መስኮት ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ! ምን ብለህ ነው የጠራሃቸው?» አለችኝ። ትከሻዬን ነቅንቄ ባለሙያ እንደሚያደርገው ፈገግ አልኩ። ሰዉ ዝም ማለቱ፣ ሁሉም ወደ መሬት ማየቱ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ጨዋ ሕዝብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ የገባኝ ንፍሮው ሲመጣ ነው።

ሐጂ ከድር፣ ሸንበቆ ሳሉ ሱቅ የነበራቸው አሁን ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ሰው፣ የታሸገ ውኃና ዳቦ በካርቶን አስጭነው መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት በሁለት ጆሮው ይዘው ገቡ። ክዳኑ ሲነሳ ስንዴና ሽንብራ፣ ትኩስ ንፍሮ። ሰው ለሙዚየም ፕሮግራም ንፍሮ አይቀቅልም። ድስቱን አየሁ፤ ድንኳኑን አየሁ፤ ነጠላዎቹን አየሁ፤ ከዚያ አንገቴን አዙሬ ሻማ የበራለትን ፎቶ አየሁ።

ሮጬ እትዬ ዘነበች እግር ሥር ተንበረከክሁ። «እትዬ፣ ጋሽ ደምሴ እኮ አልሞቱም!»

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉኝ ራሴን እየዳበሱ። «እሱስ ሞተ አይባልም።»

«አይደለም! በሕይወት አሉ ማለቴ ነው!»

«አሉ፣ አሉ፣ በልባችን አሉ» አሉና ጭራሽ አዲስ ለቅሶ አነሱ፤ አጠገባቸው ያሉትም ተቀበሏቸው።

ወደ ሜሮን ሮጥኩ። ስትሰማ ነጭ ወረቀት መሰለች። ቀጥላም «እሺ፣ እንነግራቸዋለን፤ ግን መጀመሪያ አንድ የግሩፕ ፎቶ…» አለች። ከዚያ ራሷ አፈረችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወደ ጋሽ ደምሴ ደወልኩ፤ ስልካቸው ተዘግቷል። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው «ለመሆኑ የት ናቸው? መቼ ነው የሚደርሱት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጭንቅላቴ ዞሮብኝ «እየመጡ ነው፣ ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል» አልኩ። ይህን የሰማው ሰው ሁሉ አስከሬኑ በመኪና እየመጣ ነው ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ለቅሶው አስፋልቱን ተሻገረ። የውበት ሳሎኑ ሴቶች ፀጉራቸው እንደተጠቀለለ ወጥተው አብረው አለቀሱ።

ጋሽ ደምሴ የደረሱት ያኔ ነው።

ሁለት ሚኒባስ ቀይረው፣ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ነው የመጡት። መንገድ ማዶ ሆነው ድንኳኑን አዩ። እሳቸው እንደ እኔ አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ናቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከሸንበቆ ሰው አንዱ አርፏል፣ ፕሮግራሙም ለዚያ ተሰርዟል ብለው አሰቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በተሰበሰበው ሰው መካከል አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ስለሚያይ ማንም አላያቸውም፤ ፎቶውንም ሰው ከልሎት እሳቸውም አላዩትም። የኋላው አግዳሚ ላይ፣ ሐጂ ከድር አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ወደ እሳቸው ልሄድ ብጋፋ ሰዉ አላሳልፍ አለኝ።

«ማን ነው ያረፈው?» አሉ ጋሽ ደምሴ በለሆሳስ።

ሐጂ ከድር ቀና ሳይሉ «ደምሴ ነው፣ ጡሩምባ ነፊው» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። በኋላ ስጠይቃቸው፣ ለአፍታ ያህል እውነት መስሎኝ ነበር አሉኝ።

«ታሞ ነበር?» አሉ።

«እንጃ። ማን ጠይቆት ያውቃል?» አሉ ሐጂ ከድር። «ሰው የለኝም ብሎ ሄደ። ጥፋቱ የኛ ነው።» ይህን ብለው እንባቸውን ሊጠርጉ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ሐጂ ከድር አግዳሚውን ይዘው ወደ ኋላ ተገለበጡ፤ በአንዱ ጫፍ የተቀመጡትም አብረዋቸው ወደቁ። አንዲት ሴት የኢየሱስን ስም እየጠሩ ሰይጣን ይገሥጹ ጀመር። ሁለት ወጣቶች አጥር ዘለሉ። እትዬ ዘነበች ብቻ ቀጥ ብለው መጡና፣ ነጠላቸውን ጠቅልለው የጋሽ ደምሴን ትከሻ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መቱት። «አንተ! አንተ! እንዲህ ታስለቅሰኝ!» ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙና እንደገና አለቀሱ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ሳማቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጣራ ጣቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ እትዬ ዘነበች ጆሮዬን ይዘው «ሁለተኛ በሰው ሞት እንዳትቀልድ!» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። ንፍሮው በሳቅ ተበላ። እንዲያ ዓይነት ሳቅ ሙዚየማችን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

ጋሽ ደምሴን ማይክሮፎኑ ጋ አቆምናቸው። ስለ ሰፈሩ ታሪክ አርባ ደቂቃ እንዲናገሩ ነበር የታቀደው። እሳቸው ግን ሰዉን ዙሪያውን አዩና «እስቲ መጀመሪያ ልያችሁ» አሉ። ወረቀት አልያዙም። ሸንበቆን ከወፍጮ ቤቱ በኩል ጀምረው ቤት በቤት ጠሩት፣ ድሮ ማለዳ በሚዞሩበት መንገድ።

«የአሰለፈች ቤት!»

«አለን!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሰው አጨበጨበ።

«የመምህሩ ቤት!»

«አለሁ ጋሼ!» አለ አንድ ጺማም ሰውዬ። «አንተ ነህ? ከፍ አልክ» አሉት፤ ሳቅ ሆነ።

«የሩቅያ ቤት!»

ዝም። እንደገና ጠሩ። ሐጂ ከድር ቆሙና «ሩቅያ አልፋለች» አሉ። «ባለፈው ረመዷን።»

ጋሽ ደምሴ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አራቁት። «አልሰማሁም» አሉ። ቀጠሉ። «የባሻ ቶሎሳ ቤት!» ባሻም የሉም፤ አልሰሙም። ወፍጮ ቤት የነበሩትም የሉም፤ አልሰሙም። ሰባት ጊዜ «አልሰማሁም» አሉ። አንዳንዱን እዚያ ያለው ሰውም አልሰማም ነበር፤ ከየአግዳሚው «እንዴ! እሷም?» የሚል ድምፅ ይመጣል። በሸንበቆ ሳይነፋላቸው የቀረ ሰው እንደሌለ ሲኩራሩ የኖሩት ሰው፣ ሰባት ሰው አምልጧቸው ነበር። ማይክሮፎኑን ለእኔ ሰጡኝና እንደ ልጅ አለቀሱ። ሰዉም አለቀሰ፤ አሁን በስህተት አይደለም፣ ለሰባቱ ነው። ድንኳኑን ለምን እንደተከልኩት ማንም ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ሳይመሽ በታክሲ ሸኘኋቸው። ገርጂን አልፈን መንገዱ ሲከፈት «እንዳልከው ሰው መጣ» አሉኝ። «አልኩዎት አይደል ጋሼ?» አልኩ እኔ፣ እፍረቴን በሳቅ ልሸፍን። እሳቸውም እየሳቁ «ለሞተው ደምሴ ነው የመጡት። ያለው ቢጠራቸው ኖሮ አይመጡም ነበር» አሉ። መስኮቱን እያዩ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁትም።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ስልክ ተለዋውጦ፣ ቀን ቆርጦ፣ «ከእንግዲህማ አንጠፋፋም» ተባብሎ ነው የተለያየው። ሐጂ ከድር አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሌላው «ሰሞኑን» እያለ ነበር፤ እኔም ከሁለተኛው በኋላ «ሰሞኑን» ማለት ጀመርኩ። ሜሮን ሪፖርቷ ላይ «ከተጠበቀው በላይ ተሳትፎ» ብላ ጻፈች።

ሐምሌ ውስጥ የእህታቸው ልጅ ከሐዋሳ ደወለልኝ። በስልካቸው መጨረሻ የተደወለለት የእኔ ቁጥር ነው። እሳቸው የደወሉ ዕለት ስልኬ ሲጠራ አይቼው፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ አላነሳሁትም ነበር። ጎረቤት በሁለተኛው ቀን በሩን አስከፍቶ ነው ያገኛቸው።

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው የሚስቁ ፊቶች ዘነቡብኝ። «ዛሬስ ምን ፕሮግራም አላችሁ?» አለ አንዱ። «ንፍሮ እንያዝ?» አለ ሌላው። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድንኳን ሲተከል ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ድንኳኑን ግን የተዋስኩት ከዚያው እድር ነበር። «ያው ድንኳን ነው፤ አሁንስ አንሸወድም» የሚል መልስ መጣ። እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ። «ጋሽ ደምሴ…» ስል «አንተ ልጅ፣ በሰው ሞት አትቀልድ ብዬህ አልነበር?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ስደግም አላነሱም።

ቀብሩ ላይ አሥር ሰው ነበርን። የእህታቸው ልጅ፣ ሐጂ ከድር፣ ጋሽ ቶላ፣ ሜሮን፣ እኔ፣ የሕንጻው ኮሚቴና አንድ ሁለት ጎረቤት። ሜሮን ስልኳን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ሐጂ ከድር የመጡት ቴሌግራም ስለሌላቸው ነው፤ ስደውልላቸው አመኑኝ። ይህችን አንዲት ነገር፣ ሰው እንዳላቸው ማወቅን፣ ነበር ጋሽ ደምሴ የለመኑኝ፤ እኔ ደግሞ የነበራቸውን ሰው አስቀድሜ አስለቅሼ ጨረስኩባቸው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች መጡ። አራቱን ፎቅ ወጥተው፣ እየተነፈሱ፣ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው እትዬ።»

ገብተው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ለቅሶ አዋቂ ናቸውና ሁላችንም ድምፃቸውን ጠበቅን። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ደረታቸውን አንዴ መታ አደረጉ፤ እጃቸው እዚያው ቀረ። ብዙ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያን ቀን አልቅሼ ጨረስኩት» አሉኝ። «ለሱ የነበረኝን በሙሉ ያን ቀን አወጣሁት። አሁን ከየት ላምጣ?»

ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ያላለቀስኩት እኔ ነበርኩ። ሰው መጣልኝ ብዬ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ደስ ብሎኝ ስቆጥር ነበር። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት የወጣው ለቅሶ ነው። እዚያው ፍራሹ ላይ፣ አጠገባቸው፣ ሳላፍር አለቀስኩ።

እትዬ ዘነበች ጀርባዬን ይዳብሱልኝ ጀመር። «አልቅስለት ልጄ» አሉኝ። «የኔንም ጨምረህ አልቅስለት።»